ፀሐይ የያዘው መስታወት ሲያረጅ

ቀረብ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ትረካ ከሰማይ ይነሳና ወደ ምድር ይወርዳል፤ ከዚያ ቻይናን፣ ፈረንሳይንና ሴኔጋልን ዞሮ ሰሜን ሸዋ ይገባል። ዘመኑን የምነግራችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የሀገራችን ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለይላችኋለሁ።

ማርች 17 ቀን 1958 ነው። አሜሪካኖች ቫንጋርድ 1 የተባለች ሳተላይት አመጠቁ። ክብደቷ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሞላ ነው፤ ወርዷ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ሁለት የሬዲዮ ማሰራጫዎች ይዛለች። አንዱን የሚያሠራው ባትሪ ነው። ሁለተኛውን የሚያሠሩት ገላዋ ላይ የተለጠፉ ስድስት ትንንሽ የሲሊኮን ገበታዎች ናቸው፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሪክ ያፈልቃሉ። የፕሮጀክቱ ባለቤት ባሕር ኃይሉ እነዚህን ገበታዎች አላመናቸውም ነበር። ሃንስ ዚግለር የሚባል፣ ለጦር ሠራዊቱ የሚሠራ ትውልደ ጀርመን ሳይንቲስት ነው ተሟግቶ ተሟግቶ ያስገባቸው።

ባትሪው ሦስት ወር ሳይሞላው ሞተ። በፀሐይ የሚሠራው ማሰራጫ ግን ክረምት አለፈ፣ በጋ ገባ፣ ድምፁን ማሰማቱን አላቋረጠም። እስከ 1964 ዘለቀ። ዚግለር ረታ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሰማይ የሚወጣ ሳተላይት አብዛኛው ጉልበቱን ከፀሐይ ይቀበላል።

በ1964 ያ ማሰራጫም ዝም አለ። ሳተላይቷ ግን አልወደቀችም። ዛሬም ምድርን ትዞራለች፤ በምሕዋር ላይ ካሉት የሰው ልጅ ሥራዎች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋዋ እሷ ናት። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፦ ጠፈር ላይ የወጣው የመጀመሪያው የሶላር ፓኔል ሥራውን ጨርሶ፣ የሚሰበስበው አጥቶ፣ በዚያው ቀርቷል። ፀሐይን ለመያዝ የተጉት ሰዎች ብልሆች ነበሩ፤ ዕቃው ሲያረጅ ማን ያነሳዋል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ምድር ላይም ለረጅም ጊዜ የጠየቀ አልተገኘም።

ምድር ላይ ነገሩ የተጀመረው ቫንጋርድ ከመምጠቋ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በኤፕሪል 1954 በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪዎች ዳሪል ቻፒን፣ ካልቪን ፉለርና ጄራልድ ፒርሰን የሚባሉ ሦስት ሰዎች የሲሊኮን ገበታቸውን ለጋዜጠኞች አሳዩ። በብርሃን ብቻ አንዲት የመጫወቻ መሽከርከሪያ አዞሩበት። ከሚያርፍባቸው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጡት 6 በመቶ ያህሉን ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት 20 በመቶን አልፈዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓለም የተከላቸው ፓኔሎች አቅም ተደምሮ አንድ ሺህ ጊጋዋት የደረሰው በ2022 ነው። 68 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ሁለተኛውን ሺህ ጊጋዋት ለመጨመር ግን ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ በቃ። የሕዳሴው ግድብ አቅም ከአምስት ጊጋዋት ጥቂት ይበልጣል፤ ፓኔል ሌሊት እንደማይሠራ ባንረሳም፣ ስፋቱን በዚህ ገምቱት።

እንግዲህ ዛሬ በዓለም ጣሪያና ሜዳ ላይ ያለው ፓኔል አብዛኛው ሕፃን ነው። ዕድሜው 25፣ ቢበዛ 30 ዓመት ይባላል። አንድ ቀን ድንገት አይሞትም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየደከመ ይሄዳል። ከዕድሜው በፊት የሚሄድም አለ። በማርች 2024 ቴክሳስ ላይ የወረደ በረዶ በአንድ ትልቅ የሶላር ማሳ ላይ ሺዎችን ሰብሯል። ባለቤቱ የተሻለና የረከሰ አዲስ ስላገኘ ብቻ በደህናው ቀን የሚነቀልም ብዙ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አወላለዱን ሳልነግራችሁ ወደ አሟሟቱ አልሄድም።

ፓኔል የሚወለደው በእሳት ነው። ኳርትዝ የሚባለውን ነጭ ድንጋይ ከከሰልና ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ወደ 2000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በኤሌክትሪክ እቶን ያቀልጡታል። ከሰሉ ከድንጋዩ ውስጥ ኦክስጅኑን ነጥቆ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ሲሊኮኑ ይቀራል። ይህ ሲሊኮን ገና ቆሻሻ አለበት፤ ኤሌክትሪክ እንዲያፈልቅ ከዚህ በላይ መጥራት ይኖርበታል። ስለዚህ ከክሎሪን ጋር አዋሕደው ጋዝ ያደርጉታል፣ ያጣሩታል፣ መልሰው ያረጉታል። ደግሞ በ1414 ዲግሪ ያቀልጡና በቀጭን ሽቦ ከሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ወደሳሱ ቅጠሎች ይሰነጥቁታል። ይህ ሁሉ ጉልበት ይበላል። የዓለም ፓኔል ሥራ በየደረጃው ከ80 በመቶ በላይ ያለው ቻይና ውስጥ ነው፤ የቻይና መብራት ደግሞ ገና በአመዛኙ የድንጋይ ከሰል ነው።

የማጥራቱ ሥራ ሲሊኮን ቴትራክሎራይድ የሚባል ተረፈ ምርት ይጥላል። እርጥብ አየር ሲያገኘው የሚያቃጥል አሲድ ሆኖ ይጨሳል። በ2008 ሄናን በሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር፣ ከአንድ የሲሊኮን ፋብሪካ የወጣ እንዲህ ያለ ዝቃጭ በገበሬዎች ማሳ አጠገብ እንደሚደፋ በዓለም ጋዜጣ ተጻፈ። የገበሬው መሬት ነጣ፣ አዝመራው ደረቀ። ያን ጊዜ የሲሊኮን ዋጋ ሰማይ ነክቶ ስለነበር ፋብሪካዎች ለመሸጥ ተጣድፈዋል፤ ተረፈ ምርቱን መልሶ የሚያጣራውን መሣሪያ ለመትከል ግን አልቸኮሉም።

ቀጥሎ የሆነውን ስሙ፤ የዚህ ትረካ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። በ2011 የቻይና መንግሥት ከዚያ ተረፈ ምርት ቢያንስ 98.5 በመቶው ተመልሶ ሥራ ላይ እንዲውል ደነገገ። ፋብሪካዎቹ መሣሪያውን ተከሉ። ያ መርዝ መልሰው ሲያስገቡት ለራሳቸው ለሲሊኮኑ ሥራ ጥሬ ዕቃ ሆነ፤ ወጪያቸውንም ቀነሰላቸው። ዕውቀቱ ከመጀመሪያውም ነበረ። የጎደለው የሚያስገድድ ሕግ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ይህን የመርዝ ታሪክ አንስተው «ሶላርም ያው ቆሻሻ ነው፤ ከሰሉ ምን በደለ» የሚሉ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2014 ባወጣው ስሌት፣ ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ አንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ከውልደት እስከ ሞት ሲታሰብ መካከለኛ ግምቱ 820 ግራም የካርቦን ጋዝ ነው። በትልልቅ ማሳ ላይ የተተከለ ሶላር 48 ግራም ነው፤ የእቶኑም እሳት፣ የመርከቡም ጭስ ተቆጥሮ። በ2023 ኔቸር ፊዚክስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ዓለም ከሰል ማንደዱን ከቀጠለ እስከ 2050 የሚከመረው የከሰል አመድ ከፓኔል ቆሻሻ በ300 እጥፍ፣ ምናልባትም በ800 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሶላር የሚያስፈልገን ነገር ነው። የማወጋውም ስለምወደው ነው፤ ከአያቶቻችን ኩራዝ ጭስ ልጆቻችንን ያወጣ ዕቃ፣ ሲያረጅ መርዝ ሆኖ እንዲመለስባቸው አልፈልግም።

አሁን ፓኔሉን ገልብጠን ውስጡን እንይ። 20 ኪሎ የሚመዝን አንድ ፓኔል ብትይዙ 15 ኪሎ ያህሉ መስታወት ነው። ሁለት ኪሎ ያህል የአሉሚኒየም ክፈፍ አለው። ሌላ ሁለት ኪሎ የሚጠጋው ሙጫና የጀርባ ፕላስቲክ ነው። ያ ሁሉ እሳት የፈጀው ሲሊኮን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጥቂት መዳብ አለ፤ በገበታዎቹ ፊት ላይ እንደ ክር የተሰመረ ብርም አለ፤ ጌጥ የምንሠራበት ብር ማለቴ ነው፣ 20 ግራም አይደርስም። በመበየጃው ውስጥ ጥቂት ግራም እርሳስ ይገኛል። ካድሚየም ያለባቸው ሌላ ዓይነት ፓኔሎችም አሉ፤ የእነሱ ትልቁ አምራች ፈርስት ሶላር ግን ከ2005 ጀምሮ አሮጌዎቹን እየሰበሰበ መልሶ ሲጠቀምባቸው ኖሯል።

ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። መስታወቱ፣ ሙጫው፣ ገበታው፣ ሙጫው፣ ፕላስቲኩ ተደራርበው፣ አየሩ ተመጥጦ፣ በሙቀት ተጣብቀዋል። ዝናብ እንዳይገባ፣ ነፋስ እንዳይፈታው፣ ሩብ ምዕተ ዓመት እንዲዘልቅ ተብሎ ነው። ዕድሜ የሰጠው ይኸው መጣበቅ ነው፤ ሲያረጅ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ከተጋገረ ዳቦ ውስጥ እርሾውን ለይቶ ለማውጣት እንደመሞከር ያለ ሥራ ነው።

ይህን ቀድመው ያሰቡት አውሮፓውያን ናቸው። ጀርመን ፀሐይ የማይበዛባት ሀገር ሆና ሳለ በ2000 ባወጣችው ሕግ ከጣሪያው መብራት ለሚሸጥ ሁሉ ለሃያ ዓመት የጸና ዋጋ ገባች። ጣሪያው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ያ ሁሉ ጣሪያ አንድ ቀን እንደሚያረጅ ግልጽ ነበርና በ2007 አምራቾች ራሳቸው ፒቪ ሳይክል የሚባል የመሰብሰቢያ ማኅበር በብራስልስ አቋቋሙ። በ2012 የአውሮፓ ኅብረት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሕጉን ሲያድስ ፓኔልን በስም አስገባው። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ዕቃውን ገበያ ላይ ያወጣ፣ እሱ የመሰብሰቢያውን ወጪ ይሸከማል። በፈረንሳይ ገዢው አዲስ ፓኔል ሲገዛ በዋጋው ውስጥ ትንሽ መዋጮ አብሮ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ ሌላ አሮጌ ፓኔል ያስነሳል። የቀብሩ ወጪ በልደቱ ቀን ተከፈለ ማለት ነው።

በ2018 ደቡብ ፈረንሳይ ሩሴ በምትባል ከተማ ቬዮሊያ የተባለው ኩባንያ ለፓኔል ብቻ የቆመ ፋብሪካ ከፈተ፤ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። ማሽን ክፈፉን ይነጥላል፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑንና ገመዱን ያነሳል፤ የቀረው ይቆራረጣል፣ ይፈጫል፣ ይበጠራል። ከክብደቱ 95 በመቶው ይመለሳል ተባለ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከክብደቱ አብዛኛው መስታወትና አሉሚኒየም ከሆነ፣ እነሱን ብቻ ያነሳ ሰው 80 በመቶውን አልፏል። የተፈጨው መስታወት ደግሞ ከሲሊኮን ብናኝ ጋር ስለሚደባለቅ እንደገና ጥርት ያለ የፓኔል መስታወት መሆን ያቅተዋል፤ ከፊሉ ወደ ዝቅተኛ ሥራ ይወርዳል። ብሩ፣ ከሁሉ የከበረው፣ በዱቄቱ መካከል ተበትኖ ይቀራል። ከክብደቱ ሺህ አንድ እጅ ቢሆን ነው፤ በዋጋ ግን ፓኔሉ ከያዘው ሁሉ ከፍተኛ ድርሻ ካላቸው አንዱ ነው። በክብደት የሚለካ ሕግ ብሩን አያየውም። እኔ እንደሚመስለኝ የሚቀጥለው ሕግ መለካት ያለበት ምን ያህል ኪሎ ተነሳ ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ማዕድን ምን ያህል ጠርቶ ተመለሰ ብሎም ነው።

ይህንኑ ያሰቡ ሰዎች ከሩሴ ወደ ሰሜን፣ አልፕስ ተራሮች ሥር፣ ላ ሙር አካባቢ አሉ። ላ ሙር የድንጋይ ከሰል ሀገር ነበረች። ትውልድ በትውልድ ላይ ከምድር በታች ገብቶ ጥቁር ድንጋይ ሲያወጣ ኖሮ በ1997 ጉድጓዱ ተዘጋ። ሮዚ የተባለ ኩባንያ በ2023 እዚያ ፋብሪካ ከፈተ፤ በዓመት 3000 ቶን አሮጌ ፓኔል እንዲያስተናግድ የታሰበ። እነዚህ ሰዎች አይፈጩም። መጀመሪያ በእቶን ሙጫውንና ፕላስቲኩን ያተንኑታል፤ ንብርብሩ ይላቀቃል። መስታወቱን፣ የመዳብ ጥብጣቡን፣ የሲሊኮኑን ስብርባሪ ለየብቻ ያነሳሉ። ከዚያ ሲሊኮኑን በኬሚካል ያጥቡታል፤ ያኔ የብሩ ክር ከፊቱ ላይ ይላቀቃል። ከሰል ይቆፈርበት የነበረ አገር፣ ዛሬ ሰው ከጣሪያ የወረደ ፓኔል ውስጥ ብር ይቆፍርበታል። በዚህ ትረካ ውስጥ ልቤን ደስ የሚያሰኘው ቦታ ይህ ነው።

አሜሪካ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የሀገሪቱ የታዳሽ ኃይል ላብራቶሪ እንዳሰላው አንድ ፓኔል መልሶ ለመጠቀም ከ15 እስከ 45 ዶላር ይጠይቃል፤ ወስዶ ቆሻሻ መጣያ ለመቅበር ከ1 እስከ 5 ዶላር ይበቃል። ከዚህ በኋላ ባለቤቱ የቱን እንደሚመርጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የሚያስገድድ አንድ ወጥ የፌዴራል ሕግ የለም። ዋሽንግተን የተባለችው ክፍለ ሀገር በ2017 አምራቹን የሚያስጠይቅ ሕግ አወጣች፤ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ግን ደጋግሞ ተራዝሟል። አውስትራሊያ ውስጥ የቪክቶሪያ ግዛት በ2019 ፓኔልን ጨምሮ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መቅበርን ከልክላለች።

የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ተቋም በ2016 ባወጣው ዘገባ እስከ 2050 ድረስ የሚጠራቀመው የፓኔል ቆሻሻ 78 ሚሊዮን ቶን ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። ከዚያ ውስጥ የሚመለሰው ጥሬ ዕቃ ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፤ ሁለት ቢሊዮን አዲስ ፓኔል ይሠራል ብሏል። ግምቱ የወጣው ግን ዛሬ የምናየው የተከላ ጥድፊያ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በሀብታም ሀገር ከጣሪያ የወረደ ፓኔል በኮንቴይነር ተጭኖ «ያገለገለ ዕቃ» ተብሎ ወደ ድሃ ሀገር ይላካል። የሚሠራ ከሆነ አልቃወምም፤ ጉልበቱ 80 በመቶ የቀረው ፓኔል ለአንድ ገበሬ የውሃ ፓምፕ በቂ ነው። የተሰበረው አብሮ ሲመጣ ግን የመጣው ቆሻሻ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በባዝል ስምምነት መሠረት ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተቀባዩ ሀገር አስቀድሞ ሳይስማማ ድንበር እንዳይሻገር ተደንግጓል። ሕጉ ጥሩ ነው። ጉምሩክ ላይ ቆሞ «ይህ ያገለገለ ነው፣ ይህ የሞተ ነው» ብሎ የሚለይ፣ በእጁ መለኪያ የያዘ ሰው ከሌለ ግን ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን ወደ እኛ አህጉር ገባን። እዚህ ትረካው ይከብዳል፤ ምክንያቱም የእኛ ሶላር ብቻውን አይመጣም። ፈረንጅ ፓኔሉን ከመብራት መስመር ጋር ያገናኘዋል፤ መስመር ያልደረሰው የገጠር ቤት ግን ማታ እንዲበራለት ባትሪ ይፈልጋል። ፓኔሉ 25 ዓመት ይኖራል፤ ከሥሩ ያለው የእርሳስ ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። አንድ ፓኔል እስኪያረጅ ስንት ባትሪ እንደሚቀብር አስቡት። ውስጡ ኪሎዎች የሚመዝን እርሳስና አሲድ አለ። ስለ ፓኔል ቆሻሻ የሚጨነቅ አፍሪካዊ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ባትሪው ይመልከት።

በሴኔጋል፣ ዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮዬ ሱር ሜር የሚባል መንደር አለ። እዚያ ነዋሪዎች ለዓመታት ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን እየሰበሩ እርሳሱን ሲሸጡ ኖሩ። የመኪና ይሁን እንጂ ዓይነቱ ከሶላሩ ባትሪ ጋር አንድ ነው። አሸዋው እርሳስ ጠጣ። የእርሳስ ዋጋ ሲወደድ ደግሞ ያንኑ አሸዋ እየቆፈሩና እየነፉ፣ በጆንያ ወደ ቤት እያስገቡ ይለቅሙት ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ነው የሚነፉት። ከኖቬምበር 2007 እስከ ማርች 2008 ባሉት ወራት አሥራ ስምንት ሕፃናት ሞቱ። የመጀመሪያዎቹ ሲሞቱ ምን እንደገደላቸው የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ ሐኪሞች የወንድም እህቶቻቸውንና የእናቶቻቸውን ደም ሲመረምሩ እርሳስ ሞልቶት ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ውስጥ ለሚገባ እርሳስ ጉዳት የሌለው መጠን አልታወቀም ይላል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም የሕፃን አእምሮ ነው።

በኬንያዋ ሞምባሳም እንዲሁ ሆኗል። ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባለው ሰፈር አጠገብ ያረጀ ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ቆመ። ፊሊስ ኦሚዶ የተባለች ሴት እዚያ ተቀጥራ ስትሠራ የምታጠባው ልጇ ታመመ፤ ደሙ ሲመረመር እርሳስ ነው። ሥራዋን ትታ ሰፈሩን አስተባበረች፤ ታሠረች፤ ወደ ኋላ ግን አላለችም። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ። በ2020 የኬንያ ፍርድ ቤት ለሰፈሩ ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ሺሊንግ ካሳ ፈረደ፤ ክርክሩ ከዚያም በኋላ በይግባኝ ቀጥሎ ነበር።

ወገኖቼ፣ ወደ ቤታችን ገባን። በሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል መንደር አለች። በ2007 አካባቢ አንድ የጀርመን ፋውንዴሽን በሬማና በአካባቢዋ ከ2000 በላይ ጎጆዎች ላይ ትንንሽ ሶላር ተከለ፤ ወጣቶችን የጥገና ሙያ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም ከፈተ። ኩራዝ የጠፋላቸው እናቶች፣ ማታ ደብተር የገለጡ ልጆች፣ ያን መብራት በምንም አይለውጡትም። ከዚያ ወዲህ በሀገሪቱ ሶላር ያልገባበት አካባቢ ጥቂት ነው፤ በጤና ኬላ ጣሪያ፣ በቴሌ ማማ ሥር፣ በመስኖ ፓምፕ ራስ ላይ፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ የእጅ ፋኖሶች ውስጥ። መንግሥት በ2019 ያደሰው የመብራት ማዳረሻ ዕቅድም ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉን ከዋናው መስመር ውጭ፣ በአብዛኛው በሶላር፣ ለማድረስ ያለመ ነበር።

በ2007 የተተከለ ፓኔል 25 ዓመቱን የሚሞላው በ2032 ነው። ጥቂት ዓመታት ቀርተውታል። የፋኖሱ ባትሪ ግን ቀድሞ አልቋል። አሁን አሁን የሚመጡት ሊቲየም ናቸው፤ እርሳስ ባይኖራቸውም ሲጨፈለቁ እሳት ያነሳሉ።

ያረጀው ዕቃ የት ይሄዳል? መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁራሌው በር ላይ ሲጣራ እናት ከጓዳ ያወጣችውን ትሸጥለታለች፤ ከእሱ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይሻገራል። ያ ሰፈር ለአዲስ አበባ የሠራው ውለታ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ሌላው ከጣለው በርሜል ማሰሮና ምድጃ የሚያወጡ እጆች ናቸው። የሞተ ፓኔል እጃቸው ቢገባ አሉሚኒየሙንና መዳቡን ይወስዳሉ፤ ገዢ አለውና። መስታወቱን፣ ሙጫውንና በውስጡ ያለውን ብር ግን የሚገዛቸው የለም። ባትሪ ሲሆን እርሳሱ ገዢ አለው፣ አሲዱ የለውም፤ አሲዱ መሬት ላይ ይፈሳል፣ እርሳሱ ክፍት ቦታ ላይ ይቀልጣል። እነዚህን ሰዎች ማሳደድ መፍትሔ አይሆንም። ዓመታት የፈጀ የመሰብሰቢያ መረብ በነፃ ዘርግተውልናል፤ ሙሉውን ባትሪ ሳይሰበር ለሚያስረክብ ከእርሳሱ ዋጋ የበለጠ የሚከፍል ሕጋዊ ተረካቢ ቢኖር፣ ቁራሌው ራሱ ከመንደር መንደር ሰብስቦ ያመጣዋል። ጓንት፣ ጭንብልና የደም ምርመራም ይገባዋል።

ሕግ የለንም እንዳትሉኝ። የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ወጥቷል። የሚጎድለው በዕቃው ዋጋ ውስጥ አብሮ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። የፈረንሳይ ገዢ ከፓኔሉ ጋር የሚከፍላት ያቺ ትንሽ መዋጮ እዚህ የለችም። ከቀረጥ ነፃ ሲገባ ፓኔሉ ይረክሳል፤ ሲያረጅ የሚያነሳው ግን ገንዘብ የለውም። እርዳታ ሰጪውም ተክሎ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የአምስተኛው ዓመት ባትሪ በበጀቱ ውስጥ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ አሁን፣ ማዕበሉ ገና ትከሻ ሳይደርስ፣ ነው የሚሠራው።

እቤታችሁ ያረጀ የሶላር ባትሪ ያላችሁ፣ አትክፈቱት፣ አሲዱን በጓሮ አትድፉት፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ስትሰጡም ሙሉውን ስጡ። በወረዳና በክልል የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ደግሞ፣ የሚቀጥለው የጤና ኬላ ሶላር ሲታዘዝ በሰነዱ ላይ ይህን መስመር ጨምሩ፦ አቅራቢው ከእያንዳንዱ አዲስ ባትሪ ጋር አሮጌውን ቆጥሮ ይረከባል፣ ፓኔሉንም ዕድሜው ሲያበቃ ያነሳል፤ የማንሻው ወጪ በጨረታው ዋጋ ውስጥ ተካትቶ በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል። ውድድሩን የሚያሸንፈውም ይህን መስመር ያልዘለለው ይሁን።